ከሮአታን እስከ ጃማይካ ሰፈር፦ ባህሉ ይጎበኛል፣ ይዞታው ግን የማን ነው?

ዳሊ ሲቲ በጭጋጓ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ ዕረፍት ሲያቅዱ ፀሐይና ሙቅ ባሕር ማማተራቸው አያስገርምም። ከከተማይቱ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። እዚሁ ዳሊ ሲቲ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በዙሪያቸው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአሜሪካ ፓስፖርት በቀላሉ ከሚከፍትላቸው መዳረሻዎች አንዱ የካሪቢያን ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ነው፦ በቤሊዝ ዳንግሪጋና ሆፕኪንስ፣ በጓቲማላ በጀልባ ብቻ የሚደረስባት ሊቪንግስተን፣ በሆንዱራስ የሮአታን ደሴትና የቴላ ባሕረ ሰላጤ። ስለነዚህ ቦታዎች የሚጻፍ ማስታወቂያ ስለ አሸዋውና ስለ ባሕሩ ከተናገረ በኋላ አንዲት ቃል መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ጋሪፉና። ከበሮው፣ ፑንታ የተባለው ጭፈራ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራው የዓሣ ወጥ ከተቀቀለና ከተወቀጠ ሙዝ ጋር፣ ይህ ሁሉ የሸቀጡ አካል ነው። ጎብኚው የሚከፍለው ለባሕሩ ብቻ አይደለም።

በዚህ ዓይነት ጉዞ ነውር የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ለባህል የሚከፈለው ገንዘብ መጨረሻ ላይ የት እንደሚያርፍ ነው። ጥያቄው ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሻሸመኔ ከ70 ዓመት በላይ የኖረ የካሪቢያን መንደር አቅፋ ይዛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አንዱ ችግር በሁለት አህጉር መደገሙን ይረዳል።

ጋሪፉናዎች በሴንት ቪንሰንት ደሴት ላይ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንና የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች ተዋልደው የፈጠሩት ማኅበረሰብ ናቸው። እንግሊዞች ደሴቲቱን ለሸንኮራ እርሻ ሲፈልጓት ጋሪፉናዎች ተዋጉ፤ መሪያቸው ጆሴፍ ቻቶየር እ.ኤ.አ. በ1795 በጦር ሜዳ ወደቀ። የተማረኩት ባሊሶ በተባለች ጠፍ ደሴት ታጉረው ብዙዎቹ በበሽታና በረሃብ አለቁ፤ የተረፉት፣ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1797 ሮአታን ላይ ተራገፉ። ከዚያ ተነሥተው በሆንዱራስ፣ በጓቲማላ፣ በቤሊዝና በኒካራጓ ዳርቻዎች መንደር መሠረቱ። ዛሬ ቤሊዝ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን የጋሪፉናን መምጣት በብሔራዊ በዓልነት ታከብራለች። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2001 ቋንቋቸውን፣ ጭፈራቸውንና ሙዚቃቸውን ከሰው ልጅ ድንቅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል አውጇል።

ዩኔስኮ ቋንቋውን፣ ጭፈራውንና ሙዚቃውን መዘገበ፤ ከሥራቸው ያለውን አፈር ግን መዝገቡ ሊሸፍነው አይችልም። ኤረባ የተባለውን የካሳቫ ቂጣቸውን እንውሰድ። ሴቶቹ ካሳቫውን ይፍቃሉ፤ መርዛማ ውኃውን በተጎነጎነ ረጅም መጭመቂያ ያወጣሉ፤ ያደርቁታል፣ ይነፉታል፣ በሰፊ የብረት ምጣድ ላይም ይጋግሩታል። በጉራጌ ወይም በሲዳማ ቤት እንሰት ሲፋቅና ቆጮ ሲጨመቅ ያየ ሰው ሥራውን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ሁለቱም ብዙ የሴት ጉልበትና የማያቋርጥ የእርሻ ቦታ ይጠይቃሉ። ካሳቫው የሚበቅለው ከአሸዋው በስተ ኋላ ባለው መሬት ነው። ያ መሬት ለመዝናኛ ሰፈር ወይም ለዘንባባ ዘይት እርሻ ሲሄድ ኤረባ ወዲያውኑ አይጠፋም። መጀመሪያ ከገበያ በተገዛ ካሳቫ ይጋገራል፣ ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን ለጎብኚ ብቻ ይጋገራል፣ በመጨረሻም መጋገሩ የሚታወሰው በፎቶግራፍ ይሆናል።

ይህን ሂደት ለመረዳት ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ካሳተመው መጽሐፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ አካባቢ ተፈላጊነቱ ሲጨምር የተገኘው ትርፍ የሚጠራቀመው ሊባዛና ሊንቀሳቀስ በማይችለው ሀብት ላይ ነው። አስተናጋጅ ከሌላ ከተማ ይመጣል፣ አልጋና ፍራሽ በመርከብ ይገባል፣ ከበሮ መችም በምሽት ክፍያ ይቀጠራል፤ ባሕር ዳር ያለው መሬት ግን ያው የነበረው ነው። ስለዚህ የጋሪፉና ባህል በታወቀ ቁጥር የሚወደደው የጋሪፉና መሬት ነው። ባለባህሉ የመሬቱም ባለቤት ከሆነ ዝናው ያበለጽገዋል፤ ካልሆነ የገዛ ከበሮው ዋጋውን አስወድዶ ከመንደሩ ያስወጣዋል። በሮአታን ይህ በግልጽ ይታያል። የመርከብ ጎብኚው አብዛኛውን ሒሳቡን ገና ከቤቱ ሳይነሣ ለመርከብ ኩባንያው ከፍሏል፤ ደሴቲቱ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 የተቆረቆረችው የጋሪፉና መንደር ፑንታ ጎርዳም ከዚያ ሒሳብ የሚደርሳት ፍርፋሪው ነው።

ሆንዱራስ ውስጥ ጉዳዩ ከዋጋ አልፎ ወደ ሕግ፣ ከሕግም አልፎ ወደ ደም ደርሷል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከባሕር ዳርቻ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ መሬት በውጭ ዜጋ እንዳይያዝ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ድንጋጌ ግን ለቱሪዝም በተከለሉ የከተማ ዞኖች ውስጥ ለውጭ ዜጎች በር ከፈተ። ትሪዩንፎ ዴ ላ ክሩዝ የተባለችው የቴላ መንደር መሬቷ ሳትማከር ለመዝናኛ ፕሮጀክት መዋሉን ተቃውማ ጉዳዩን እስከ ኢንተር አሜሪካን የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አደረሰች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 መንግሥት የወል ይዞታ መብቷን እንደጣሰ ወሰነላት። የፍርዱ ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ጋሪፉናዎች ከኮሎምበስ በፊት በዚያ ዳርቻ አልነበሩም፤ በግዞት የመጡ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግን ቀድሞ መገኘትን ብቸኛ የመብት ምንጭ አላደረገም፤ ከመሬቱ ጋር በትውልዶች የተገነባው ግንኙነት መብት እንደሚያስገኝ ተቀበለ። ከፍርዱ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020፣ የፖሊስ ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች የመንደሪቱን መሪና ሌሎች ሰዎችን ከየቤታቸው ወስደው ደብዛቸውን አጠፉ። ፍርድ አለ፤ አስፈጻሚ የለም።

ጋሪፉናም እንደ ኢትዮጵያዊው ዳያስፖራ አለው። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በማርች 1990 ሀፒ ላንድ የተባለው የጭፈራ ቤት ሲቃጠል ካለቁት 87 ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሆንዱራስ ጋሪፉናዎች ነበሩ። ብሮንክስ ያለው ልጅ የሚልከው ገንዘብ መንደሩ ላይ የሲሚንቶ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ የቆመበት መሬት የማን እንደሆነ ግን የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ማኪያቶ እየጠጣ አዲስ አበባ ስላለው የኮንዶሚኒየም ካርታው የሚጨነቅ የኦክላንድ ነዋሪ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

አሁን ወደ ሻሸመኔ። ዶክተር መላኩ በያን ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ሲያቋቁሙ ዓላማው በፋሺስት ወረራ ሥር ለወደቀችው አገር የጥቁር ሕዝቦችን ድጋፍ ማሰባሰብ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያንና የካሪቢያን ተወላጆች ገንዘብ አዋጡ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ጋዜጣ አሳተሙ። ከነጻነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ውለታ ምላሽ በፌዴሬሽኑ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ለሚሹ የዓለም ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል ሰጡ። ከቀዳሚዎቹ ሰፋሪዎች መካከል የሞንሰራት ደሴት ተወላጅ የሆኑት ጄምስ ፓይፐርና ባለቤታቸው ሄለን ይገኙበታል። ራስ ተፈሪያን ከጃማይካ መምጣት የጀመሩት በኋላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ የተደረገላቸው አቀባበል ብዙዎችን ለጉዞ አነሣሥቷል። ቦታው በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ጃማይካ ሰፈር የሚለውን ስም ያገኘው እንዲህ ነው።

ይህን ታሪክ ዳያስፖራው አዘውትሮ የሚተርከው እዚህ ላይ አቁሞ ነው። ሊቆም ግን አይገባውም። መሬቱ ሰው ያልነበረበት አልነበረም። ሻሸመኔና አካባቢዋ የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው፤ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ በደቡብ እንደ ሌላው ሁሉ መሬቱ የመንግሥትና የባለ ርስት ሆኖ ሲያርስና ሲያግድ የኖረው ሰው ጭሰኛ ሆነ። ንጉሡ የሰጡት ስጦታ ልባዊ ነበር፤ የሰጡት ግን በዚህ ሥርዓት የያዙትን መሬት ነው። ከባርነት ልጆች ጋር የተደረገው የፍትሕ ሥራ በሌላ የተነጠቀ ሕዝብ ትከሻ ላይ ተጫነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን ሕጉ ሰፋሪዎቹንም በባለ መሬት ዓይን አያቸው፤ ስጦታው ቀረ፣ አንዳንዶቹ አገር ጥለው ወጡ። የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው ጋር እየኖሩ፣ እየተጋቡ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየለመዱ ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥታት አሳልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከተማው ሰፍቶ መንደሩን ውጦታል።

ጎብኚው ዛሬም ይመጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ በሮችን፣ የናያቢንጊ ከበሮን፣ ከደረቀ የሙዝ ቅጠል የሚሠሩ ሥዕሎችን ያያል። በንጉሡ ልደት ሐምሌ 16 እና በዘውድ በዓላቸው ጥቅምት 23 መንደሩ ይደምቃል። ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ የዳያስፖራ ቤተሰብም መንገዱ ላይ ነውና ጎራ ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከጋሪፉናዎች ጋር ያለው ተመሳሳይነት እዚህ ላይ ይጎላል፤ በዚያም በዚህም የመንደሩ መልክ የሚያስገኘው ገቢ አለ፣ በዚያም በዚህም መልኩን የያዙት ሰዎች በይዞታቸው ላይ ሙሉ ዋስትና የላቸውም። ልዩነቱ ጋሪፉናዎች የሚከራከሩበት ፍርድ በእጃቸው መኖሩ ነው። ጃማይካ ሰፈር ያለው የቃል ኪዳን ትዝታ ብቻ ነው። «ከተናገሩት የሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚል ሕዝብ መካከል ይህ ቀላል ነገር ባይሆንም ባንክ ግን በትዝታ አያበድርም፤ ማደሪያ ቤቱን ሊያሰፋ የሚሻ ሰው ሊያስይዝ የሚችለው ካርታ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ስለነዚህ ሰዎች የሚለው ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ኢትዮጵያዊነትን በመወለድ የሚያገኘው ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ነው ይላል። እናቱም አባቱም ጃማይካዊ ሆነው ሻሸመኔ የተወለደ፣ ሌላ አገር ረግጦ የማያውቅ የ30 ዓመት ሰው ኢትዮጵያዊ አይደለም። በሕግ ዜግነት ሊያገኝ ይችላል፤ አራት ዓመት መኖርን፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን መቻልን የሚጠይቀው መስፈርት ለእርሱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የሰነዱ መንገድ ነው፤ ወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ለዓመታት ከቆዩ ልጁ ሕጋዊ ነዋሪነቱን የሚያስረዳው በምንድን ነው? ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለራስ ተፈሪያኑ ያለ ቪዛ የሚገቡበትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩበት መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይህ መልካም እርምጃ ነበር፤ ብዙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከስጋት ተላቀው ከቤታቸው ወጡ። ነገር ግን በአስፈጻሚው ውሳኔ የተሰጠ በአስፈጻሚው ውሳኔ ሊነሣ ይችላል፤ በአዋጅ የቆመ መብት ጽናቱ ሌላ ነው።

ዳያስፖራው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በእጁ ያለው ቢጫ ካርድ የቆመው በአዋጅ ነውና። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ፣ ቤት እንዲኖረውና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት እንዲያለማ ፈቅዷል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ቀርቶበታል። መስፈርቱ ደም ነው፤ ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይበቃል። ስለዚህ ዳሊ ሲቲ ተወልዶ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ቅድመ አያቱ ብቻ ከጎንደር የሆኑ ልጅ ከነሙሉ መብቱ ቦሌ ላይ ይወርዳል። ሻሸመኔ የተወለደው ግን በአዋጁ ውስጥ ስሙ የለም።

ደምን ብቻ መስፈርት ማድረግ የማይቀር ዕጣ አይደለም። የዳሊ ሲቲ ጎረቤቶቻችን ፊሊፒናውያን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ የቀድሞ ዜግነታቸውን መልሰው እያገኙ በአገራቸው ሙሉ የመሬት ባለቤት ይሆናሉ። ያም በትውልድ ላይ የቆመ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲነጻጸር ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጋና ከዚህም አልፋ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ በዓለም ለተበተኑ የአፍሪካ ልጆች የመኖር መብትን ደነገገች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 «የመመለሻ ዓመት» ብላ ጎብኚ ስትጠራም ከመቶ ለሚበልጡ ሰዎች ዜግነት ሰጠች። ቤኒን እ.ኤ.አ. በ2024 በባርነት ለተወሰዱ አፍሪካውያን ዘሮች ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። እነዚህ አገሮች ጥሪውን ከቱሪዝም ጋር ማቆራኘታቸውን የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋው ሚዛን ይደፋል። ሆኖም ጥሪውን ከእነዚህ አገሮች አስቀድማ ያሰማችው ኢትዮጵያ መሆኗንና ሕግ በማውጣት ግን ወደ ኋላ መቅረቷን መካድ አይቻልም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳፍረው ሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅደውን አዋጅ ማጽደቁ ነው። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት 150 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ መነሻ አስቀምጧል። የውጭ ምንዛሪ ለምትሻ አገር ሐሳቡ የራሱ አመክንዮ አለው። ነገር ግን ትናንት ቦሌ የደረሰ ባለ ገንዘብ ዛሬ የሚያገኘውን ዋስትና በመንግሥት ጥሪ መጥቶ 50 ዓመት የኖረ ሽማግሌ ካላገኘው፣ ሕጉ ለመኖርና ለቃል የሰጠው ዋጋ ዜሮ ነው ማለት ነው።

ተቃውሞው የታወቀ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ዓመታት የሚጠብቅ፣ ከአባቱ ማሳ ላይ በከተማ መስፋፋት የተነሣ የሻሸመኔ የአርሲ ወጣት የባዕድ ሰው ይዞታ ሲረጋገጥ ዝም ብሎ እንዲያይ ለምን ይጠበቅበታል? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ከተማዋ እንዴት እንደነደደች ያስታወሰ ሰው ጥያቄውን በጥንቃቄ ይይዘዋል። ለዚህ ነው 5 ጋሻው ይመለስ የሚለው ጩኸት ስህተት የሆነው። የቀድሞውን ስጦታ መመለስ የቀድሞውን ግፍ መመለስ ነው። የሚያስፈልገው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሰዎቹ ዛሬ የሚኖሩበት የቤት ቦታ፣ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሕጋዊ ሲደረጉ ለሌላው ከተሜ እንደሚደረገው፣ በዚያው መመዘኛና በዚያው ክፍያ ተለክቶ ይረጋገጥላቸው። መሬት የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ክልል ነውና ውሳኔው ከአዲስ አበባ ተጥሎ የሚወርድ መሆን የለበትም፤ የሚሰበሰበው ኪራይና ግብር ከተማው ላይ እንዲቀር፣ ጎብኚ የሚያመጣው ገቢም በሰፈሩ ለሚኖሩ ኦሮሞዎች የሥራ ዕድል እንዲፈጥር ተደርጎ መታሰር አለበት። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ለከተማው የሚያስከፍለው መሬት ኢምንት ነው። ኢምንት ያልሆነው የሌላው ነዋሪ ስሜት ነው፤ እርሱን ማግኘት የሚቻለው ሥራው በግልጽ ሲሠራ ብቻ ነው።

የፌዴራሉ ድርሻ አዋጅ 270ን ማሻሻል ነው። የትርጉም አንቀጹ ከደም ቆጠራው ቀጥሎ በመንግሥት ጥሪ ለመኖር የመጡ ሰዎችንና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውን እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ይህ ዜግነት አይደለም፤ የምርጫ ሚዛንም አይነካም። የዋሽንግተንና የቤይ ኤሪያ የሙያ ማኅበራት ስለ ቢጫ ካርድ፣ ስለ ጥምር ዜግነትና ስለ ዳያስፖራ ቦንድ ለመንግሥት ተደጋጋሚ ሰነድ ሲያቀርቡ ኖረዋል። በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ የሻሸመኔ ሰዎች ቦታ ቢያገኙ ጥያቄው የራስ ጥቅም ብቻ ሳይሆን የመርሕ ጉዳይ መሆኑን ያሳያል፤ ደግሞም በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡት የኒው ዮርክ ጥቁሮች ቅድመ አያታቸው ኢትዮጵያዊ መሆኑን የጠየቃቸው አልነበረም። ቀጣዩ የማሻሻያ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ የምትጎድለው አንዲት ንዑስ አንቀጽ ናት፤ እርሷንም አሁን መጻፍ ይቻላል።